ከአርባ ምንጭ የተመለሱ ሦስት መንገደኞች፦ የወባ ጉዳይ ጥናት

በመስከረም 2017 ዓ.ም. ሦስት ሰዎች ከአዲስ አበባ ተነስተው አርባ ምንጭ ወረዱ። አምስት ሌሊት አደሩ። መስቀልን አክብረው ተመለሱ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሁለቱ ወባ ታመሙ፤ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ ሜሪላንድ። ሦስተኛዋ ምንም አልሆነችም።

ሦስቱም ቤተሰቦቼ ናቸው። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ ፋርማሲ ነው የምሠራው። ከጉዞው በፊት ምክር የሰጠኋቸውም እኔ ነኝ። ስለዚህ የተበላሸው ነገር እኔንም ይመለከታል። የምጽፈው በፈቃዳቸው ነው፤ ስም ግን አልጠራም። ለመጻፍ የተነሳሁት ያኔ የሠራነውን ስህተት መደርደሪያዬ ጋ የሚመጡ ሰዎች ዛሬም ሲደግሙት ስለማይ ነው።

መንገደኞቹ

እህቴ 38፣ ባሏ 44 ዓመታቸው ነው። ሁለቱም አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉ ናቸው። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ መኖር ከጀመሩ ከ15 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ታናሽ ወንድማችን 31 ዓመቱ ነው፤ የሚኖረው አዲስ አበባ ነው። መኪናውን የነዳው እሱ ነው። ሦስቱም ጤነኞች ነበሩ። አርባ ምንጭ አክስታችን አለች። ሲቀላ ሰፈር ከ30 ዓመት በላይ ኖራለች። እህቴ ካየቻት ብዙ ዓመት ሆኗታል፤ የጉዞው ምክንያትም ይኸው ነበር።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ያለ ከተማ ነው። ወባ የለበትም። አርባ ምንጭ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች አጠገብ። በአንድ ቀን የመኪና ጉዞ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረዳል። መልክዓ ምድሩ ይቀየራል፣ አየሩ ይቀየራል፣ ትንኙም ይቀየራል።

ጊዜውም ከባድ ነበር። አገራችን ውስጥ ወባ የሚበረታው ክረምቱ ወጥቶ ውሃ በየቦታው ሲያቁር ነው፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ። በዚያ ዓመት ደግሞ በሽታው ከወትሮው በጣም ብሶ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እንደዘገበው፣ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 ባለው ጊዜ ብቻ ኢትዮጵያ ውስጥ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ታመዋል፤ 1,157 ሞተዋል።

«የአገሬው ሰው ነኝ»

እህቴና ባሏ ከመምጣታቸው በፊት እዚያው አሜሪካ ሐኪም ዘንድ ሄደው ነበር። የታይፎይድ ክትባት ወሰዱ። ለወባ መከላከያ አቶቫኩዎን ፕሮጉዋኒል ታዘዘላቸው፤ ብዙ ሰው ማላሮን ብሎ የሚያውቀው ነው። ለእያንዳንዳቸው 14 ፍሬ። እህቴ ደውላ «እንዴት ነው የምንወስደው?» አለችኝ። «በየቀኑ አንድ፣ ከምግብ ጋር፣ በተመሳሳይ ሰዓት። ከመውረዳችሁ አንድ ቀን ቀድማችሁ ጀምሩ» አልኳት። ሌላ አልጨመርኩም። ይህን ጎዶሎ መልስ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ለወንድሜ ዶክሲሳይክሊን እንዲጀምር ነገርኩት። ርካሽ ነው፣ በቀላሉ ይገኛል። «አንቺ ደግሞ ታበዢዋለሽ፤ አምስት ቀን እኮ ነው። እኔ የአገሬው ሰው ነኝ፣ ፈረንጅ አይደለሁ» አለኝ። ነጭ ሽንኩርት በደንብ እንደሚበላ፣ ማታ ማታ አረቄ እንደሚቀምስ ቃል ገባልኝ።

ነጭ ሽንኩርትም አረቄም ከወባ አይከላከልም። «የአገሬው ሰው» የሚለውን ግን ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው የሚታመመው በዚህች ቃል ነው። ወባ ባለበት ቦታ ተወልዶ ያደገ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ደጋግሞ ሲያዝ ሰውነቱ ከፊል መከላከያ ያበጃል። መከላከያው ሙሉ አይደለም። ሰውየው አካባቢውን ለቆ ዓመታት ሲቆይም እየጠፋ ይሄዳል። አዲስ አበባ የተወለደ ሰው ከመጀመሪያውም አልነበረውም። ለወባ ሲሆን ወንድሜና ከኦስሎ የመጣ ቱሪስት እኩል ናቸው።

ታሪካችንም ይህንኑ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ1958 ወባ ወደ ደጋው ወጥቶ ነበር። ያኔ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመ፣ 150,000 ያህል ሰው እንዳለቀ ይገመታል። ያለቁት የአገሬው ሰዎች ናቸው። ሰውነታቸው ግን በሽታውን አያውቀውም ነበር።

አምስቱ ሌሊቶች

መስከረም 14 ማታ ደረሱ። አክስታችን አልጋ ለቀቀችላቸው። እህቴና ባሏ የተኙበት ክፍል አዲስ አጎበር ነበረው። አክስታችን ራሷ በየማታው ጫፉን ከፍራሹ ስር እየሸጎጠች ነበር የምትሰናበታቸው። ወንድሜ የተኛው ሳሎን ነው። የሳሎኑ አጎበር አሮጌ ነው። አንድ ጥጉ ተቀዶ በክር ታስሯል፤ ከግድግዳው ሚስማር ላይ ይንጠለጠላል። የመጀመሪያዋን ሌሊት ተኛበት። በሁለተኛው «ያፍነኛል» ብሎ ጠቅልሎ ሚስማሩ ላይ ሰቀለው። በሦስተኛው ፍራሹን አውጥቶ በረንዳ ላይ ተኛ።

አክስታችን ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት በርና መስኮት ትዘጋለች። ረጅም ቀሚስ፣ ረጅም እጅጌ። ለእሷ ይህ በር እንደመቆለፍ ያለ የየዕለት ነገር ነው። እንግዶቹ ደግሞ አመሻሹ ላይ ነው ደጅ መውጣት የሚያምራቸው፤ ንፋሱ ደስ ይላል። የደመራ ዕለት ማታ ሦስቱም እስከ 3 ሰዓት ድረስ ውጭ ነበሩ። እህቴ እግሯንና ክንዷን ትንኝ የሚያባርር ቅባት ተቀብታ ነበር። ባሏ ቁምጣ ለብሶ ነበር፤ ቅባቱን ረስቶታል። እዚያ አካባቢ ወባ የሚያስተላልፈው የትንኝ ዝርያ ከመሸ ጀምሮ ሌሊቱን ሙሉ ይናከሳል፤ ሰው ደጅ ከተቀመጠም ደጅ ያገኘዋል። አጎበር ትልቅ ነገር ነው። ሰው አልጋው ውስጥ ከመግባቱ በፊት ባለው ሰዓት ግን አይደርስለትም።

ሌላው ጉዞ መልካም ነበር። ጫሞ ላይ በጀልባ አዞ አዩ። ዶርዜ ወጥተው ቆጮ በማርና በዳጣ በሉ። እህቴ መስከረም 17 ከአንድ ጁስ ቤት ስፕሪስ ጠጥታ ሁለት ቀን ተቅማጥ ያዛት። ሻንጣዋ ውስጥ ያስቀመጥኩላትን ኦ አር ኤስ አንዱን ፓኬት በአንድ ሊትር ሃይላንድ ውሃ በጥብጣ ቀስ እያለች ጠጣች። ትኩሳትና ደም አልነበረውም፤ በራሱ ቆመ። አላስመለሳትም። መከላከያዋን በዋጠች በአንድ ሰዓት ውስጥ ቢያስመልሳት ኖሮ ሌላ ፍሬ መድገም ነበረባት።

መስከረም 19 ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። እህቴና ባሏ በ25 በረሩ።

ሜሪላንድ

ጥቅምት 1 የእህቴ ባል ከሥራ ሲመለስ ወገቡን ቆረጠመው። ማታ ብርድ ብርድ አለው። ከዚያ ሙቀቱ 39.6 ደረሰ። ድንገተኛ ክፍል ሄዱ። የጉንፋንና የኮቪድ ምርመራ ተደረገለት፤ ሁለቱም ነጻ። «ቫይረስ ነው፤ ፈሳሽ ውሰድ፣ እረፍ» ተብሎ የትኩሳት ማስታገሻ ይዞ ተመለሰ። የት ነበርክ ብሎ የጠየቀው የለም። እሱም አልተናገረም።

በማግስቱ ማስመለስ ጀመረ። እህቴ ደወለችልኝ። እዚህ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነበር። «መድኃኒቱን ጨርሷል?» አልኳት። «ጨርሷል መሰለኝ» አለች። «ሂጂና እዪ» አልኳት። የመላጫ ቦርሳውን ስትከፍት፣ እሽጉን ስታወጣ በስልክ ይሰማኛል። ከዚያ ዝም አለች። «ሰባት ፍሬ አለ» አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመስከረም 13 እስከ 19 በየቀኑ ወስዷል። ሆዱን ትንሽ ይረብሸው ነበር። አዲስ አበባ ሲገባ «ትንኙ እዚያ ቀርቷል፣ ከዚህ በኋላ ለምን?» ብሎ አቆመ። እህቴ የራሷን እስከ መስከረም 26 ወሰደች፤ አንዷን አውሮፕላን ውስጥ ከእራት ጋር።

የቀሩት ሰባት ፍሬዎች ትርፍ አልነበሩም። የወባ ተውሳክ ከትንኙ ወደ ሰው ሲገባ መጀመሪያ ጉበት ውስጥ ይደበቃል። ፋልሲፋረም የሚባለው ከባዱ የወባ ዓይነት አንድ ሳምንት ያህል እዚያ ተባዝቶ ነው ወደ ደም የሚወጣው። በመጨረሻዋ ሌሊት የተነደፈ ሰው ሰውነት ውስጥ ያ ሳምንት የሚጀምረው ቆላውን ለቆ ሲወጣ ነው። ማላሮን ከቆላ ከወጡ በኋላ 7 ቀን የሚወሰደው ለዚህ ነው። ዶክሲሳይክሊን ደግሞ ጉበት ውስጥ ላለው ብዙም ስለማይሠራ 4 ሳምንት ይቀጥላል። እኔ ለእህቴ «ከመውረዳችሁ አንድ ቀን ቀድማችሁ ጀምሩ» ብዬ «ከወጣችሁ በኋላ ሰባት ቀን ቀጥሉ» አላልኩም። እሽጉ ላይ በእንግሊዝኛ ተጽፏል፤ እሷ አነበበች፣ እሱ አላነበበም። ግማሽ ምክር ሰጥቼ ሙሉ እንደሰጠሁ ቆጥሬ ነበር።

ለእህቴ አንድ ዓረፍተ ነገር አስጻፍኳት፦ «ከሁለት ሳምንት በፊት ወባ ያለበት ቦታ ነበር፤ መከላከያውን አልጨረሰም፤ የወባ የደም ምርመራ አሁኑኑ ይደረግለት።» በር ላይ ካለችው ነርስ ጀምሮ ላገኘችው ሁሉ ይህንኑ ደገመች። በዚህኛው ጊዜ ወዲያው ደም ተወሰደ።

የመጀመሪያው የደም ፊልም፣ ማለትም በማይክሮስኮፕ የሚታየው የደም ጠብታ፣ ምንም አላሳየም። እዚህ ላይ ቢያሰናብቱት ኖሮ ምን ሊሆን እንደሚችል ሳስብ ዛሬም ይከብደኛል። ሐኪሙ ግን አስተኛው። የወባ ምርመራ አንዴ ነጻ ቢልም ጥርጣሬው ካለ በየ12 እስከ 24 ሰዓቱ እስከ ሦስት ጊዜ ይደገማል። ተውሳኩ መጀመሪያ ላይ ጥቂት ሊሆን ይችላል፤ በከፊል የተወሰደ መድኃኒትም ሊያሳንሰው ይችላል። ከ12 ሰዓት በኋላ የተደገመው ፋልሲፋረም አሳየ። ዓይኑ ቢጫ መሆን ጀምሮ ነበር። ማላሮን ሲወስድ ስለነበር በዚያው መድኃኒት አላከሙትም፤ ኮአርተም ሰጡት። በ3 ቀን 6 ጊዜ፣ ከምግብ ጋር። ሁለት ሌሊት ተኝቶ ወጣ። ጉልበቱ እስኪመለስ ወር ፈጀ።

አሜሪካ ውስጥ በዓመት 2,000 ያህል ሰው በወባ ታሞ ይገኛል። ትልቁን ድርሻ የሚይዙት ቤተሰብ ለመጠየቅ ወደ ትውልድ አገራቸው ሄደው የተመለሱ ናቸው። የእህቴ ባል ከእነሱ አንዱ ሆነ።

አዲስ አበባ

ከእህቴ ጋር ስልኩን ስዘጋ ወንድሜ ትዝ አለኝ። ሲነጋ ደወልኩ። «ታይፎይድና ታይፈስ ነው አሉኝ፤ ሦስተኛ መርፌዬን ልወጋ እየሄድኩ ነው» አለኝ። መስከረም 30 ነው የጀመረው። ሠፈሩ ካለ ክሊኒክ ሄዶ ነበር። ደሙ ለታይፎይድና ለታይፈስ ታየ። ለወባ አልታየም። አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ሲያተኩሰው ስለ ወባ ማን ያስባል? እሱም አርባ ምንጭ እንደነበረ አልተናገረም። በእሱ ቤት ጉዞው ከበሽታው ጋር አይገናኝም።

ያ የታይፎይድ የደም ምርመራ አንዴ ብቻ ተሠርቶ ብዙ የሚታመን አይደለም። ድሮ የተከተበም፣ ድሮ የታመመም፣ ሌላ ትኩሳት ያለበትም ሰው ላይ «አለ» ሊል ይችላል። ወባ ያለበት ሰው ላይም ጭምር።

የሚያሳስተው ሌላ ነገርም ነበር። ወንድሜ «መርፌው እየሠራልኝ ነው» ይል ነበር። እውነትም አንዱን ቀን ደህና ይውላል። በማግስቱ ያንቀጠቅጠዋል። በሚቀጥለው ቀን ተነስቶ ይበላል። ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ይህ ጠባዩ ነው፤ በየ48 ሰዓቱ ይመላለሳል። ደህና የዋለበት ቀን የመርፌው ውጤት መሰለው።

ቤቱ ስደርስ የከፋው ቀን ነበር። ሁለት ብርድ ልብስ ደርቦ አልጋው ከግድግዳው ጋር እየተጋጨ ይንኳኳ ነበር። ጥርሱ ስለሚጋጭ መናገር አልቻለም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ብርድ ልብሱን ወርውሮ፣ ላብ በላብ ሆኖ ውሃ ጠየቀኝ። ወዲያው ይዤው ሌላ ቦታ ሄድኩ። የደም ፊልሙ ቫይቫክስ አሳየ። ለሦስት ቀን ክሎሮኪን ታዘዘለት። ትኩሳቱ በሁለተኛው ቀን ለቀቀው።

እዚያ ላይ አለቀ ብለን ተውነው። ቫይቫክስ ግን የተወሰነው ዘሩ ጉበት ውስጥ ተኝቶ ይቀራል፤ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ይነሳል። ክሎሮኪን ደም ውስጥ ያለውን ይገድላል እንጂ የተኛውን አይነካውም። የተኛውን የሚያጠፋው ፕሪማኩዊን ነው፤ 14 ቀን ይወሰዳል። ከመጀመሩ በፊት ጂ6ፒዲ የሚባለውን የደም ንጥረ ነገር መመርመር ተገቢ ነው። ይህ ንጥረ ነገር የሚያንሳቸው ሰዎች ላይ መድኃኒቱ ቀይ የደም ሴሎችን ሊያፈርስ ይችላል። እርጉዝ ሴትም አትወስደውም። ያኔ ምርመራው በቦታው አልነበረም። «ሌላ ጊዜ ይመጣል» ተባለ። ሥራ ነበረው፣ ሌላው ጊዜ አልመጣም። እኔም አልጎተጎትኩትም።

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ተመለሰበት። ከአዲስ አበባ ንቅንቅ ሳይል። በዚህኛው ጊዜ ጂ6ፒዲው ታየ፤ ደህና ነው። ክሎሮኪኑንና ፕሪማኩዊኑን አብሮ ጀመረ። 14ቱን ቀን እኔ በየማታው እየደወልኩ አስወሰድኩት። ይህን እስከጻፍኩበት ቀን ድረስ አልተመለሰበትም።

የሠራውና ያልሠራው

እህቴን ያዳናት አንድ ነገር አይደለም። ቅባቱ፣ አጎበሩና እስከ መጨረሻው የተወሰደው መድኃኒት ተደጋግፈው ነው። ማላሮን የቫይቫክስን የተኛ ዘር አያጠፋም። ስለዚህ አንድ ዓመት ሙሉ ባተኮሳት ቁጥር «ቆላ ነበርኩ» እንድትል ነግሬያታለሁ። እስካሁን አላስፈለጋትም።

ኦ አር ኤሱ ሠርቷል። በጽሑፍ የተያዘው ዓረፍተ ነገርም ሠርቷል፤ እንዲያውም ከሁሉ በላይ የሠራው እሱ ይመስለኛል። አክስታችንም ሠርታለች። የእሷን ልማድ የተከተለ እንግዳ ባይኖርም፣ በዚያች ከተማ ትንኝን ከማንኛችንም በላይ የምታውቀው እሷ ነበረች።

ያልሠራው የእኔ ግማሽ ምክር ነው። ሰዎች መመሪያን ምክንያቱ ካልገባቸው ያሳጥሩታል። የእህቴ ባል ሰነፍ አይደለም። ትንኝ ከሌለ መድኃኒት አያስፈልግም ብሎ ማሰቡ በራሱ አእምሮ ትክክል ነበር፤ ስለ ጉበቱ የነገረው ሰው ስላልነበረ ነው።

ለሌላ መንገደኛ

ለመስቀልም ሆነ ለሰርግ፣ ለሥራም ሆነ ለለቅሶ ወደ ቆላ የሚወርድ ደገኛ መንገደኛ ነው። ፓስፖርት ባያሳይም። ወደ ጋምቤላ፣ ወደ መተማ፣ ወደ ሁመራ፣ ወደ አርባ ምንጭ ስትሄዱ ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት ሐኪም ወይም ፋርማሲ ጠይቁ። የትኛው መድኃኒት እንደሚስማማችሁ እነሱ ይወስናሉ። ለምሳሌ ዶክሲሳይክሊን ለእርጉዝና ለትንንሽ ልጆች አይሰጥም፤ ፀሐይ ላይም ቆዳ ያስቆጣል። ከውጭ የምትመጡ፣ ድሮ የምታውቁት ክሎሮኪን እዚህ አገር ለመከላከያ እንደማይበቃ እወቁ፤ ፋልሲፋረም ተላምዶታል።

የራሳችሁን አጎበር ይዛችሁ ሂዱ። ቦርሳ ውስጥ ቦታ አይዝም። እንግዳ ቤት ያለው አጎበር የተቀደደ ሊሆን ይችላል፤ ባለቤቱን ማሳፈርም አያስፈልግም። ሲመሽ ረጅም ልብስ ልበሱ፣ ቅባት ተቀቡ። ሙቀቱ ይከብዳል፤ አውቃለሁ።

ከተመለሳችሁ በኋላ የሚመጣ ትኩሳት እስኪጣራ ድረስ ወባ ነው ብላችሁ ያዙት። የዚያኑ ቀን ተመርመሩ። ፋልሲፋረም በቀናት ውስጥ ሰው ይገድላል። ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም የት እንደነበራችሁና መቼ እንደተመለሳችሁ ተናገሩ። የታይፎይድ ወረቀት ቢሰጣችሁም የወባው ይታይልኝ በሉ። ውጤቱ ቫይቫክስ ከሆነ «ጉበት ውስጥ ያለውንስ?» ብላችሁ ጠይቁ።

እኔ ከዚያ ወዲህ የወባ መከላከያ ሳስረክብ እሽጉ ላይ በእስክሪብቶ እጽፋለሁ። ለማላሮን «ከቆላ ከወጡ በኋላ 7 ቀን» እላለሁ፤ ለዶክሲሳይክሊን «28 ቀን»። የመጨረሻውን ቀንም ከሰውየው ጋር ቆጥረን ቀኑን እንጽፋለን። ባለፈው ወር ወንድሜ ለሥራ ጂንካ ሊወርድ ነው ብሎ መጣ። እሽጉን ሰጠሁት። ቀኑን እሱ ራሱ ጻፈው።